ማይክሮፎኑ የተነጠቀው ከማን ነው?

አሜሪካኖች ጉድ ሠሩ! እንዲህ ያለ ጉድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በውድቅት ሌሊት ነው። ጁላይ 18 ቀን 2025 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ልክ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ213 በሆነ ድምፅ፣ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለሁለት ዓመት ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መልሶ ነጠቀ። በሦስት ድምፅ ብልጫ! ሕዝቡ ተኝቷል፤ እነሱ እጅ ይቆጥራሉ። በስድስተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፈረሙበት። ኦገስት 1 ቀን ገንዘቡን ሲያከፋፍል የኖረው የሕዝብ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን "ሥራዬን ልዘጋ ነው" ብሎ አስታወቀ፤ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ቦርዱ ድርጅቱን ጨርሶ ለማፍረስ ወሰነ። ከ1967 ጀምሮ የቆመ ቤት እንዲህ ፈረሰ።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባው አንባቢ "ታዲያ እኔ ምን አገባኝ? የፈረንጅ ሬዲዮ ቢዘጋ ጤፍ ይረክስልኛል?" ማለቱ አይቀርም። አይረክስም ወንድሜ። ግን ታላቅ ወንድምህ ሚኒያፖሊስ ታክሲ ይነዳ ይሆናል፤ እህትህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ተከራይታ ይሆናል። የወንድምህን የኪሎ ሜትር ሒሳብ፣ የእህትህን የቤት ኪራይ የሚወስነው ዋይት ሀውስ አይደለም። ስቴት የሚሉት ግዛታቸው፣ ከዚያም ወርዶ ካውንቲ የሚሉት ወረዳቸው ነው። የዚያን ግዛት ሹም "እስቲ ና ተቀመጥ፤ ሰው የሚጠይቅህ አለው" ብሎ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ የሰፈሩ የሕዝብ ሬዲዮ ነው። አሁን ገመዱ የተጣለው እዚህ አንገት ላይ ነው። እኔ ይህን የምጽፈው ከሜሪላንድ ሆኜ ነውና ነገሩ የጎረቤት እንጂ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

የመንግሥት ሌላ፣ የሕዝብ ሌላ

እኛ ሬዲዮ ሲባል ያደግነው መንግሥት የሚናገርበትን ሣጥን እያዳመጥን ነው። ማለዳ ይከፈታል፤ ክቡር ሚኒስትሩ ተቀብለው አነጋገሩ፣ ክቡር ሚኒስትሩ ጎበኙ፣ ክቡር ሚኒስትሩ አስገነዘቡ… ማታ ይዘጋል። አድማጩም ያዳምጣል። ስሙ አድማጭ አይደል!

የአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ግን ሌላ ፍጡር ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ኖቬምበር 7 ቀን 1967 የፈረሙት ሕግ መጀመሪያ የታሰበው ለቴሌቪዥን ብቻ ነበር፤ ሬዲዮ የምትለው ቃል የገባችው በመጨረሻው ሰዓት በጥቂት ሰዎች ውትወታ ነው። ሕጉ አጥር አጠረ። የፌዴራሉ መንግሥት ባለሥልጣን ጣቢያዎቹን ልምራ፣ ልቆጣጠር፣ ልዘዝ እንዳይል ከለከለ። ገንዘቡም ከቤተ መንግሥት እጅ በቀጥታ ወደ ጋዜጠኛ እጅ እንዳይሄድ መሐል ላይ ኮርፖሬሽኑን አቆመ። ቆየት ብሎ ደግሞ ኮንግረስ ገንዘቡን ሁለት ዓመት አስቀድሞ መመደብ ጀመረ። ለምን ቢሉ፣ ዛሬ በአንድ ፕሮግራም የተናደደ ፖለቲከኛ ነገ ጠዋት ተነሥቶ ጉሮሮ እንዳያንቅ ነው። እንግዲህ በ2025 የተናደዱት ሰዎች የዘለሉት ይህንኑ አጥር ነው። አስቀድሞ የተሰጠውን ገንዘብ "መልስ!" አሉት።

ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድረው ዋሽንግተን አይደለም። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ነው፤ አንዱ ነዋሪዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ አንዱ የነባር ሕዝቦች ነው። ገንዘቡም ከብዙ ኪስ ይመጣል። አድማጩ ያዋጣል፣ ነጋዴው ይደጉማል፣ ፌዴራሉም ይጨምርበት ነበር። የፌዴራሉ ድርሻ ለአገሩ ሕዝብ ቢካፈል በዓመት በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር ከግማሽ ገደማ ነበር። እዚህ አገር አንድ ማኪያቶ የማይገዛ ገንዘብ! በዚህች ሣንቲም ነው እንግዲህ አገር ሊድን የታሰበው።

ሹሙ ወንበር ላይ

የዚህ ሬዲዮ ትልቁ ሀብቱ ዜናው አይመስለኝም። ዜና ሁሉም ያነባል። ትልቁ ሀብቱ የግዛቱን ሰውና የግዛቱን ጉዳይ ፊት ለፊት የሚያገናኘው ቃለ ምልልስ ነው።

ቦስተን ያለው ጂ.ቢ.ኤች. የማሳቹሴትስን አገረ ገዥ በየወሩ ገደማ እየጠራ "አገረ ገዥውን ጠይቁ" ሲል ኖሯል። ኒው ዮርክ ላይ ብራያን ሌረር የተባለው የደብሊው.ኤን.ዋይ.ሲ. አዘጋጅ ከንቲባ ቢል ደ ብላዚዮን ለዓመታት ዓርብ ዓርብ እያቀረበ በነዋሪው ያስጠይቃቸው ነበር። ኒው ጀርሲ ከኒው ዮርክና ከፊላደልፊያ መሐል ተጣብቃ የጎረቤት ቴሌቪዥን እያየች የምትኖር ግዛት ናት። እዚያም አገረ ገዥ የነበሩት ፊል መርፊ ሦስት የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያዎች በጋራ በሚያስተላልፉት ፕሮግራም በየወሩ እየቀረቡ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። ቬርሞንት ደግሞ 650 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ ግዛት ናት። ከ2007 ጀምሮ "ቬርሞንት ኤዲሽን" በተባለ የቀትር ፕሮግራም ላም አላቢውም፣ አስተማሪዋም፣ ሴናተሩም በየተራ ይቀመጣሉ። ለምን አይቀመጡ? አገሩ የሁሉም ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ደግሞ ኮጆ ናምዲ አለ። ከጋያና የመጣ ስደተኛ ነው። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ሠርቶ፣ ከ1998 እስከ 2021 በደብሊው.ኤ.ኤም.ዩ. የዕለት ተዕለቱን የውይይት ፕሮግራም መራ። ዓርብ ዓርብ "የፖለቲካ ሰዓት" ብሎ የዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ሹማምንት እያስቀመጠ ይጠይቅ ነበር። ቀልደኛ ነው፣ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ግን ሳያስመልስ አይለቅም። እንግዲህ ልብ በሉ! ስደተኛው ጠያቂ፣ ሹሙ ተጠያቂ።

ጥያቄውስ ምንድነው? "ስለ አጠቃላይ የልማት አቅጣጫችን ቢያብራሩልን" አይደለም። "እኔ ሰፈር በረዶው ሳይጠረግ አራት ቀን ሆነው፤ ለምን?" ነው። "የልጄ ትምህርት ቤት የውኃ ቧንቧ እርሳስ አለበት ተባለ፤ መቼ ትቀይሩታላችሁ?" ነው። ሹሙ "አጣራለሁ" ይላል። ይላላ! ግን በሚቀጥለው ወር እዚያው ወንበር ላይ ሲመለስ አዘጋጁ ቴፑን ያወጣል። "ባለፈው አጣራለሁ ብለው ነበር። አጣሩ?" ላብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአሥር ሰከንድ የቴሌቪዥን ዜና ሹም አያልበውም። ሙሉ ሰዓት ተቀምጦ፣ ስሙንና ሰፈሩን ጠርቶ በሚናገር ነዋሪ ሲጠየቅ ግን፣ ያጠናው ንግግር በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ያለው 45 ደቂቃ ነው የሕዝብ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

አሁን ወደ ከሳሾቹ እንምጣ። ክሳቸው "ኤን.ፒ.አር. ለግራ ዘመሞች ያደላል፤ ግብር ከፋይ ለአድልዎ አይከፍልም" ነው። ፕሬዚዳንቱ ሜይ 1 ቀን 2025 ያወጡት ትእዛዝም ይህንኑ ይላል።

ክሱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ነው አልልም። ኡሪ በርሊነር የተባለ የኤን.ፒ.አር. አንጋፋ ኤዲተር በኤፕሪል 2024 "ቤታችን ባንድ ዓይነት አስተሳሰብ ሰዎች ተሞልቷል፣ የሕዝብ አመኔታ እያጣን ነው" የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ አወጣ። አለቆቹ አገዱት፤ እሱም ለቀቀ። በየግዛቱ ያሉት ጣቢያዎችም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም። ባልቲሞር ላይ ደብሊው.ዋይ.ፒ.አር. የተባለው ጣቢያ በ2002 ከዩኒቨርሲቲ በአምስት ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ማርክ ስታይነር የተባለው ታዋቂ ጠያቂ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር። በ2008 ያው ጣቢያ ሰውየውን አሰናበተው። አድማጩ በር ላይ ቆሞ ተቃወመ። ስለዚህ የሕዝብ ሬዲዮ ውስጥም አለቃ አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ በር መዝጋት አለ።

ግን ጎበዝ፣ በዚህ ክስ የተቀጣው ማን ነው? ኤን.ፒ.አር. ከፌዴራሉ በቀጥታ ያገኝ የነበረው ከበጀቱ ከመቶ አንድ ያህል ነው። አንድ! ጣቢያዎቹ ፕሮግራም ሲገዙት የሚከፍሉት ገንዘብ መኖሩ እውነት ነው፤ እሱ ይቆጠር። ያም ሆኖ ከኮርፖሬሽኑ ገንዘብ ከመቶ 70 በላይ የሚሄደው በየግዛቱ ላሉት ጣቢያዎች ነበር። በዋሽንግተኑ ድርጅት ተናድዶ የገጠሩን ጣቢያ መምታት አበው እንዳሉት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ዳውላው ውስጥ ያለው ደግሞ የሕዝብ እህል ነው።

አላስካ ውስጥ ቤተል የሚባል ከተማ አለ። ከሌላው የአላስካ ክፍል ጋር የሚያገናኘው የመኪና መንገድ የለም፤ በአውሮፕላንና በወንዝ ነው የሚደረሰው። እዚያ ኬ.ዋይ.ዩ.ኬ. የተባለ ጣቢያ ከ1971 ጀምሮ በእንግሊዝኛና ዩፒክ በሚባለው በነባሩ ሕዝብ ቋንቋ ያስተላልፋል። ከገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያ የተነጠቀው ገንዘብ ነበር። በኦክቶበር 2025 ሃሎንግ የተባለው አውሎ ነፋስ ርዝራዥ ኪፕነክና ክዊጊሊንጎክ የሚባሉትን መንደሮች አጥለቀለቃቸው፤ ከሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ማን ተረፈ፣ አውሮፕላኑ መቼ ይመጣል፣ ሽማግሌዎቹ የት ገቡ የሚለውን በቋንቋቸው ይነግራቸው የነበረው ገና በጀቱ የተቆረጠበት ያው ጣቢያ ነው። እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ፦ ይሄ ነው የግራ ዘመም ፕሮፓጋንዳ?

የሚገርመው ሰማዩም ምድሩም አስቀድሞ አስጠንቅቋቸው ነበር። ሴኔቱ በዚሁ ጉዳይ ሲከራከር፣ ጁላይ 16 ቀን 2025፣ የአላስካ ባሕር በ7.3 ርዕደ መሬት ተናወጠ፤ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ወጣ። የግዛቲቱ ሴናተር ሊሳ መርካውስኪ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ አባል ናቸው፤ ግን "ማስጠንቀቂያው ለሕዝቤ የሚደርሰው በእነዚሁ ጣቢያዎች በኩል ነው" ብለው ተሟገቱ። ማን ሰምቷቸው! ሴኔቱ 51 ለ48 አሳለፈው።

"ገበያው ይሠራዋል" ይሉናል

ሌላው ዘፈን ይህ ነው። ሕዝብ የሚፈልገው ከሆነ ነጋዴ ይከፍተዋል፣ ደግሞም ዛሬ ሁሉም ስልክ አለው ይላሉ።

ገበያው ዕድል ተሰጥቶት ነበር እኮ! እስከ 1996 ድረስ አንድ ኩባንያ በመላው አገር ከ40 በላይ የሬዲዮ ጣቢያ እንዳይኖረው ሕግ ያግደው ነበር። በ1996 ገደቡ ተነሣ። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ ብቻውን ከ1,200 በላይ ጣቢያ ሰበሰበ። ውጤቱ ምን ሆነ? በጃንዋሪ 2002 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ማይኖት ከተማ አጠገብ ባቡር ተገልብጦ አሞኒያ የሚባል መርዘኛ ጋዝ በሌሊት ተለቀቀ። በከተማው የነበሩት ስድስቱ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች የዚሁ የአንድ ኩባንያ ነበሩ። ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ለማስነገር ስልክ ቢደውል የሚያነሣ ጠፋ። ኩባንያው "ጥፋቱ የፖሊስ መሣሪያ ነው" አለ፤ ፖሊስም የራሱን አለ። አንድ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰው ተጎዳ። ስድስት ጣቢያ በመሉ ሙዚቃ፣ ሰው ግን የለም። ገበያው ይህን ነው የሠራው።

ስልኩስ? በሴፕቴምበር 2024 ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ ምዕራብ ሰሜን ካሮላይናን ሲመታ መብራት ጠፋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ያ ሁሉ ዘመናዊ ስልክ የኪስ ድንጋይ ሆነ። አሽቪል ያለው ብሉ ሪጅ የሕዝብ ሬዲዮ ግን ይናገር ነበር። ሕዝቡ መኪናው ውስጥ እየገባ፣ የባትሪ ሬዲዮ እየከፈተ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ይሰማ ነበር። ሹማምንቱም በዚያው ላይ ቀርበው መልስ ይሰጡ ነበር።

"አድማጩ ያዋጣልና አይዘጉም" የሚሉ አሉ። ቦስተንና ኒው ዮርክ አይዘጉ ይሆናል፤ ሀብታም አድማጭ አላቸው። ቤተል ከማን ያዋጣ? ከዓሣ አጥማጁ? የከተማው ሹም እየተጠየቀ የገጠሩ ሹም ብቻውን የሚያወራባት አገር ልትሆን ነው። ቁርጡ ይኸው ነው።

እኛስ የት አለን?

ይቺን ደግሞ ለራሳችን ላውጣት፤ ሌላውን ብቻ ማውገዝ ቀላል ነው።

ሚኒሶታ ውስጥ ኡበርና ሊፍት ከሚነዱት መካከል የምሥራቅ አፍሪካ ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ኤርትራዊው። የክፍያ ሕግ ይውጣልን ብለው ተነሡ። አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ በሜይ 2023 ረቂቁን ሽረው መለሱት። ኩባንያዎቹም "ጥለን እንሄዳለን" እያሉ አስፈራሩ። ሾፌሮቹ ግን ዝም አላሉም፤ ተደራጁ፣ ምክር ቤት ደጃፍ ቆሙ፣ በማይክሮፎን ፊት ቀርበው ሒሳባቸውን ተናገሩ። በ2024 ሕጉ ወጣ፤ ቢያንስ ለማይል 1 ዶላር ከ28 ሣንቲም፣ ለደቂቃ 31 ሣንቲም። ይህ በአዲስ አበባ አልተወሰነም፤ በዋይት ሀውስም አልተወሰነም። ሴንት ፖል ላይ ነው የተወሰነው።

ሜሪላንድም እንዲሁ ነው። በ2023 የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት የቤት ኪራይ ጭማሪ በዓመት ከመቶ 6 እንዳይበልጥ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ሕጉ የማይነካው ቤት አለ፤ ለምሳሌ አዲስ የተሠራ ሕንፃ። የኛ ሰው ታጭቆ የሚኖርበት ካውንቲ ነው። አከራዮቹ ጠበቃ ይዘው ቀረቡ፤ ተከራዮቹም ቀረቡ። እኛስ? እኛ የአገር ቤቱን ሹም ሽር ሰዓት ሳያልፍ እናውቀዋለን። ማን ተነሣ፣ ማን ተተካ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ሌሊቱን በሙሉ እንተነትናለን። የካውንቲ ምክር ቤት ተወካያችሁን ስም ጥሩ ቢሉን ግን ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። ኪራይ የጨመረብን እለት ደግሞ "ምን ዓይነት አገር ነው!" እንላለን። አገሩማ ስልክ ቁጥሩን በየሰዓቱ ሲናገር ነበር፤ ደውሉ፣ ጠይቁ እያለ።

"እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፣ አክሰንቴ ያሳፍረኛል" የሚል አለ። የኮጆ ናምዲ የካሪቢያን ቅላጼ መቼ አሳፈረው? ሹሙ የሚፈራው ጥሩ ሰዋስው አይደለም፤ የኪራይ ደረሰኝ ይዞ የሚጠይቅ ሰው ነው። ለዕድር፣ ለዕቁብ፣ ለልቅሶ፣ ለሠርግ የማያንስ እጃችንም በወር አምስት ዶላር ለሰፈር ሬዲዮ ሲባል ለምን ይጨበጣል? መንግሥት እጁን ሰብስቧል። እኛም ከሰበሰብን ማይክሮፎኑ የሚቀረው ለከፈለው ይሆናል፤ የሚከፍለው ደግሞ አከራዩ ነው።

ለአዲስ አበባው አንባቢም አንድ መለኪያ ልስጥህ፤ ነገ ለየትኛውም አገር፣ ለየትኛውም ጣቢያ ይሆንሃል። ሬዲዮ የሕዝብ መሆኑ በስሙ አይታወቅም። በሩ ላይ "የሕዝብ" ብሎ መጻፍ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው። ሹሙ ሲገባ እየሣቀ ሲወጣም እየሣቀ ከሆነ፣ የማን እንደሆነ አትጠይቅ። እየሣቀ ገብቶ ላቡን እየጠረገ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ወርም ተመልሶ ከመጣ፣ እሱ የሕዝብ ነው።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለ ወንበር ነበራቸው። 216 ሰዎች ተነሥተው እግሩን ሰበሩት። ወንበሩን የሚጠግነው አናጢ ከዋሽንግተን አይመጣም፤ ስልኩን የሚያነሣው ነዋሪ ነው። ካልጠገነው ግን ሹሙ ቆሞ፣ ብቻውን፣ ሳይጠየቅ ያወራል። ያንን ዓይነት ሬዲዮ ደግሞ እኛ እናውቀዋለን።

ቸር ያሰማን!